በሃያ ስምንት የዋለው ገና

ጭድ ተራ ያለው ሱቃችን ውስጥ ቅንጣት ጭድ የለም። ያለው የፕላስቲክ ጥድ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ ቀይ ኮፍያ፣ ነጭ ጺምና በየከረጢቱ የታሸገ ጥጥ ነው። ጥጡ በረዶ ነው ተብሎ ይሸጣል። ክረምት ላይ በረዶ ቆርቆሯችንን ሲደበድብ የምንራገም ሰዎች፣ በታኅሣሥ ብራ በረዶ ገዝተን ቤት እንገባለን። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ እሸጣለሁ፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ነው።

አባቴ እዚሁ ቦታ ላይ ጭድ ነበር የሚሸጠው፤ ለጭቃ ቤት ምርጊት፣ ለፍራሽ፣ ለጋሪ ፈረስ። ቀኑን ሙሉ ብናኝ ሲቅም ስለሚውል ማታ ማታ ሲያስል ግቢው ሁሉ ይሰማል። ሥራው አያኮራውም ነበር። በገና ዋዜማ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ከሁሉ ንጹሑን ጭድ ይመርጥና አንድ ሸክም አስሮ፣ ኩሊ ሳይጠራ፣ በራሱ ትከሻ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። ጌታ የተወለደው በረት ውስጥ ስለሆነ፣ ከነጋዴ ሁሉ እሱን የሚያውቀው ጭድ ሻጩ ነው ይል ነበር። ይህን ሲል አይቀልድም።

በተራው የሚታወቀው ግን በጭዱ ሳይሆን በቀን ቆጠራው ነው። ልጅ ሆኖ ቄስ ትምህርት ቤት የለመዳት የዘመን አቆጣጠር ነበረችው። ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል በጣቶቹ አንጓ ቆጥሮ ይናገራል። ገና እንደሚታወቀው ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው። በአራት ዓመት አንዴ ግን ጳጉሜ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ገና አንድ ቀን ቀድሞ ሃያ ስምንት ይውላል። ይህችን የሚዘነጋ ነጋዴ ብዙ ነው። ከጎጃም በረንዳ ሳይቀር ሰው እየመጣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ በስንት ነው?» ይለዋል። አባቴ መልሱን እያወቀው እንኳ አንጓውን ሳይቆጥር አይመልስም። «ሃያ ስምንት። ዕቃህን ቀድመህ አስገባ» ይላል።

ከጎናችን ያለው ሱቅ የሐጂ ነው። ሐጂ ጨርቅ ጅምላ ሻጭ ናቸው፤ ከአባቴ ጥቂት ዓመት ያንሳሉ፤ ከአንድ አገር በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተጭነው ነው መርካቶ የገቡት። አንዱ ሙስሊም አንዱ ክርስቲያን ስለሆኑ አንድ ደንብ አበጅተው ነበር። በገና ቀን ሐጂ የእኛ ሱቅ በር ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጣሉ፤ በዒድ ቀን ደግሞ አባቴ የእሳቸው ሱቅ በር ላይ። መርካቶ በዓል ሲሆን ጭር ስለሚል ለሌባ ይመቻል። በዓሉ ባለፈ ማግስት ባለበዓሉ ዳቦ ይዞ ሄዶ ያመሰግናል። ይህ ደንብ መቼ እንደተጀመረ ሁለቱም አያስታውሱም። የገና ጨዋታ ሜዳ ላይ በሚደረግበት ዘመን ሐጂ ተራቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ከአባቴ ወገን ይሰለፉም ነበር። አንድ ዓመት ኳሷን ስተው የአባቴን ቅልጥም በዱላ ብለውት ሦስት ሳምንት አነከሰ። ያቺን ቅልጥም እስኪያረጁ ድረስ ሲሳሳቁባት ኖሩ።

መንግሥት ሲለወጥ ጭዱም አብሮ ተለወጠ። ቤቱ በብሎኬት፣ ፍራሹ በስፖንጅ ሆነ፤ የጋሪ ፈረስም ከከተማው እየወጣ ሄደ። ሳምንት ሙሉ አንድ ሸክም የማይሸጥበት ጊዜ መጣ። ያኔ ሱቁን የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ ዱባይ የሚመላለስ አንድ አስመጪ ሃያ የፕላስቲክ ጥድ እንድሞክር ሰጠኝና በአራት ቀን አለቀ። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ አላየሁም። ሆቴሉም ቢሮውም ለፈረንጆቹ ገና አስቀድሞ ስለሚፈልገው፣ መብራቱን የምንሰቅለው ኅዳር ላይ ነው፤ ልክ የነቢያት ጾም ሲገባ። ዱሮ አርባ ምናምን ቀን ጨለም ብሎ ይቆይና በዓሉ ሲመጣ ይበራል። እኔ ገልብጬው ጾሙ ይበራል፣ በዓሉ ሲደርስ መብራቱን አውርጄ ካርቶን ውስጥ እከታለሁ።

አባቴ አልተቆጣም። ቀይ ለብሶ፣ ባትሪ ሲገባለት ወገቡን እያወዛወዘ የሚዘፍነውን አሻንጉሊት ግን ለረጅም ጊዜ ትክ ብሎ አየውና «ይሄ ማነው?» አለኝ።

«የገና አባት ይሉታል።»

«የተወለደው ሕፃን ነው። የምትሸጠው ሽማግሌ ነው» አለ። እኔ ስቄ አለፍኩት።

መርሳት የጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ ረሳ፣ ቀጥሎ የሞተችውን እናቴን መጥራት ጀመረ፤ በመጨረሻም ቀኑ ጠፋው። ሰው «በስንት ነው?» ብሎ ሲመጣ አንጓውን መቁጠር ይጀምርና መሃል ላይ ይቆማል። ከእንግዲህ መጠየቅ እንዲተዉ ነጋዴዎቹን አንድ በአንድ እየዞርኩ ለመንኩ። ሰውነቱም አለቀ። ሐኪሙ ደሙ እንደወረደ ነገረኝ፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ ካልበላ ብዙ እንደማይቆይ በቀጥታ ነገረኝ። ኅዳር ነበር። ጾሙ ገብቷል።

የንስሐ አባቱ መጥተው የታመመ ሰው እንዲበላ እንደሚፈቀድ ነገሩት። እጃቸውን ስሞ ሰማቸው። ሲወጡ ግን ወተቱን ከፊቱ ገፋው። «ለበዓል እጠጣዋለሁ» አለ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ይጠብቅና ሁለት ጉርሻ ሽሮ ቀምሶ ይተዋል። ክንዱን ስይዘው ሁለት ጣቴ ይበቃው ነበር።

ቤት ብቻውን አላስቀምጠውም፤ ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ቢሆንም ወጥቶ ይጠፋል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ፣ ከጥዶቹ መሃል ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። መብራቱን ያያል፣ ዘፈኑን ይሰማል፤ በሰዓት አሥር ጊዜ «ዛሬ ነው እንዴ በዓሉ?» ይለኛል። «አልደረሰም አባዬ» እለዋለሁ። «ታዲያ መብራቱ?» ይላል። ምን ብዬ ላስረዳው? የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

የፈረንጆቹ ገና አልፎ የእኛው አሥር ቀን ሲቀረው፣ አንድ እሑድ፣ መርካቶ ጭር ባለበት፣ እንደልማዱ ጠየቀኝ። ያን ቀን ከወንበሩ ላይ ሊነሳ ሞክሮ አቅቶት ነበር።

«ዛሬ ነው አባዬ። እንኳን አደረሰህ» አልኩት።

ፊቱ ላይ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳም። ተነሳ። በገዛ እግሩ ተነሳ። ሚስቴን ዶሮ እንድትሠራ ስነግራት «አብደሃል? ጾም ነው እኮ!» አለችኝ፤ ወደ አማቷ ዞር ብላ ካየች በኋላ ግን ሽንኩርቱን መክተፍ ጀመረች። አባቴ ነጭ ልብሱን ለብሶ ማዕዱን ባረከ። በላ፤ ወተቱን ጠጣ፤ እንቁላሉን ጨረሰ። ጠቅልሎም አጎረሰኝ። የጾም ቀን ነው፤ ውሸቱ ግን የኔ ነውና አፌን ከፍቼ ጎረስኩ። ትልቅ ጉርሻ ነበር። ሌሊቱን ሳያስል አደረ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተኛሁ።

የረሳሁት አንድ ነገር ቢኖር ማግስቱን ነው። ሁሉን የሚረሳው አባቴ እሱን አልረሳም። ጠዋት ሱቅ ስከፍት ከቤት የቀረውን ዳቦ በነጠላ ጠቅልሎ፣ ግድግዳ ይዞ፣ ሐጂ ጋ ሄደ።

«ትናንት ሱቄን ስለጠበቅህልኝ እግዜር ይስጥልኝ» ሲላቸው እኔ ከደጃፌ ሆኜ እሰማለሁ።

ሐጂ ግራ ገባቸው። «ትናንት? ትናንትማ እሑድ ነበር ጋሼ፤ ከቤት አልወጣሁም።»

«በገና ቀን?»

በእጄ ምልክት እያሳየሁ እማጸናለሁ፤ ሐጂ አላዩኝም። ቢያዩኝም ኖሮ ያው ነው። በሕይወታቸው ለገበያ እንኳ ብለው የማይዋሹ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ በዓሉ እኮ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል» አሉት ቀስ ብለው።

አባቴ ዳቦውን እንደያዘ ተመለሰ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጥዶቹን አየ፣ መብራቱን አየ፣ በመጨረሻ እኔን አየኝ።

«አስገደፍከኝ» አለ። «ሰባ ዓመት የጾምኩትን በስተርጅና አስገደፍከኝ።»

እግሩ ላይ ወደቅሁ። ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ንስሐ አባቱ ፈቃድ ተናገርኩ። የልጅ ልጆቹ ስም እንኳ የጠፋው ሰው ይህቺን በደል ግን ያዛት። በየቀኑ ጠዋት አብራው የምትነቃው እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲያ በእኔ እጅ የመጣ ነገር ሁሉ አይቀመስም፤ ሽሮውን እንኳ ሚስቴ እፊቱ ካልቀመሰችለት አይነካም።

ያ ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ጳጉሜም ስድስት ሆና አልፋለች። ገና በሃያ ስምንት፣ ረቡዕ ቀን ዋለ። ከፊቱ ጥቂት ቀን ሐጂ አገር ቤት ለቅሶ ሄዱ፤ የእኛን ሱቅ በር እንዲጠብቅ ልጃቸውን አዘው ነው የሄዱት። እኔ በዓሉ እስኪደርስ እንደ እስረኛ ቀን ስቆጥር ከርሜ፣ በዋዜማው ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አድሬ ስመለስ አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አባዬ፣ እንኳን አደረሰህ። ዛሬ የእውነት ነው።»

«በስንት ነው ዛሬ?»

ልዋሽ አልቻልኩም። «ሃያ ስምንት» አልኩት።

«ገና ሃያ ዘጠኝ ነው» አለ።

«ዘመነ ዮሐንስ ነው እኮ! ጳጉሜ ስድስት ነበረች። አንተ ነህ ያስተማርከኝ!»

አንጓውን መቁጠር ጀመረ። ከአውራ ጣቱ ተነሳ፣ ሌባ ጣቱ ላይ ደረሰ፣ ጠፋው። እንደገና ጀመረ። እንደገና ጠፋው። ሦስተኛው ላይ እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀው። ሚስቴ ረቡዕ መሆኑን ሳታስበው ተናገረች። ጉድ ፈላ።

«ረቡዕ ነው? ረቡዕ ቀን ልታስገድፉኝ?»

ገና ረቡዕ ላይ ሲውል እንደሚበላ ለስንት ሰው ያስረዳው እሱ ነው። ቴሌቪዥን ከፈትን፤ ቴሌቪዥኑ ከወር በፊት ጀምሮ ገና ሲል ስለከረመ ፊቱን አዞረ። መንገዱ ጭር እንዳለ በመስኮት አሳየሁት፤ ያ እሑድም እንዲሁ ጭር ብሎ እንደነበር ነገረኝ። ነጭ የለበሱ ሰዎች ሲያልፉ አሳየሁት፤ «አንተም ያኔ አልብሰኸኝ ነበር» አለ። ምን ቀረኝ? እውነት የሆነውን ሁሉ አስቀድሜ ለውሸት ተጠቅሜበታለሁ። ሐጂ ቢኖሩ አንዲት ቃል በበቃች ነበር፤ ሐጂ የሉም።

ልጆቹ ራባቸው። እፊቱ መብላት አልቻልንም። ከጓዳ ገብተን፣ በሩን ዘግተን፣ እንደ ሌባ እየተንሾካሾክን የገናን ዶሮ በላን። ትንሿ ልጄ ስታስነጥስ አፏን ያዝኩት። ሽታው ግን በር አያግደውም። በግድግዳው ማዶ አባቴ ከፈተና እንዲጠበቅ ጮክ ብሎ ሲጸልይ እየሰማን ነው የበላነው።

በነጋታው ሃያ ዘጠኝ ነበር። ሌሊቱን ሳስበው አድሬ አንድ ነገር ወስኛለሁ፤ በዓሉ ያለፈ ቢሆንም በእሱ ቆጠራ ዛሬ ነውና ይበላል። ዶሮውን አሞቅን፣ ቄጠማ ጎዘጎዝን፣ ልጆቹ ነጭ እንደገና ለበሱ። ገብቼ «ሃያ ዘጠኝ ነው አባዬ፤ በዓል ነው» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሁለተኛ ውሸቴ መሆኑ ታወቀኝ።

እጁን ከፍ አድርጎ ዝም እንድል አመለከተኝ። ያዳምጣል። ከመስኮቱ ማዶ መርካቶ ሥራ ላይ ነው፤ ጋሪ ይንጓጓል፣ ኩሊ «ዞር በሉ! ከኋላ!» ይላል፣ ረዳት ይጣራል።

«በገና ቀን ጋሪ ይገፋል?» አለኝ።

ወጣሁ። ምን ላደርግ እንደወጣሁ አላውቅም። ካርቶን ጭኖ የሚመጣ አንድ ጋሪ ገፊ አስቁሜ በሌላ በኩል እንዲዞር፣ ድምፁንም እንዲቀንስ ለመንኩት። «ጋሼ፣ መርካቶን ዝጋ ነው የምትለኝ?» ብሎ ስቆ አለፈ። ከኋላው ሌላ መጣ፣ ከሱ ኋላ ሌላ። ነጭ ልብሴን እንደለበስኩ መንገዱ መሃል ቆሜ ቀረሁ።

ሐጂ በገናው ዕለት ማታ ከለቅሶ ተመልሰው ኖሯል፤ ሱቃቸውን ሲከፍቱ አገኙኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያችን እሑድም ጭምር። ዋሹልኝ አላልኳቸውም። የከፈቱትን ሱቅ መልሰው ዘጉትና ከኋላዬ ተከትለው ገቡ።

አባቴ ሲያያቸው ዓይኑ ውኃ ሞላ። «ሐጂ፣ አንተ አትዋሽም። ዛሬ ነው በዓሉ?»

ሐጂ ወደ እኔ አላዩም። ጋቢው ላይ የተዘረጋውን ክንዱን ነው የሚያዩት።

«ነው ጋሼ» አሉ። «እንኳን አደረሰዎ።»

«ታዲያ ይሄ ጫጫታ ምንድነው?»

አባቴ ራሱ መለሰ፤ «እንግዲያ በዓሉን የተወው ሰዉ ነው» አለ፤ እንደ ልጅ ከንፈሩን ጣለ። ደግሞ ደንገጥ ብሎ «ሱቄን ማን እየጠበቀልኝ ነው?» አለ።

«ሰላም ልበልዎ ብዬ ነው የገባሁት፤ ይኸው መሄዴ ነው» ብለው ተነሱ ሐጂ። ሄዱም። የራሳቸውን ሱቅ ዘግተው፣ በሥራ ቀን፣ እስከ ማታ ድረስ በእኛ በር ላይ፣ ካልተሸጡት ጥዶች መሃል ተቀምጠው ዋሉ። ምን ሆነው እንደሆነ ለሚጠይቃቸው ነጋዴ «በዓል ነው» ይሉ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። በእኔ የተነሳ የዋሹትን ውሸት ቀኑን ሙሉ ተሸክመውት ዋሉ፤ እኔ ደግሞ ያን ለመመለስ የሚሆን ምንም ነገር አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

ለፋሲካ አልደረሰም አባቴ። ያን ዕለት ሐጂ ሲወጡ ግን ማዕዱ ቀረበ፤ ባረከው። ሚስቴ ቀመሰችለት። ትንሽ በላ፤ የእንቁላሏን ግማሽ፣ ሦስት ወይ አራት ጉርሻ። ከዚያ በላይ ሆዱ አልተቀበለለትም፤ ሐኪሙ ያለው ጊዜ አልፎ ነበር። ቢሆንም ደስ ብሎታል። ጠቅልሎ ሚስቴን አጎረሰ። ትልቁን ልጄን አጎረሰ። ትንሿን አጎረሰ፤ ወጡ ነጭ ቀሚሷ ላይ ሲንጠባጠብ ሳቀ። ከዚያ አንድ ትልቅ ጉርሻ አበጀ፤ እኔ ከአጠገቡ ነኝ፤ ወደ እሱ ጠጋ ብዬ አፌን ከፈትኩ።

አየኝ። ጉርሻውን ቀስ ብሎ ማዕዱ ላይ መለሰው።

«አንተ ያኔ በልተሃል» አለኝ።